የውሃ ታንኩ ባዶ ሲሆን ብቻ ቀጥ ስለምትለው የእሳት አደጋ ፒክአፕ

ለባክሆርን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድን የቦርድ ሰብሳቢ፣
ለክቡር ሚስተር ጌለን ሃቶ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ጤና፣ ለወገብዎም መሻልን እመኛለሁ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ መኪና ሥር በጀርባዎ ተኝተው ሜትር ሲዘረጉ መክረምዎን የባክሆርን ሕዝብ ሁሉ ያውቃልና። እኔ ከከተማው በስተምዕራብ ስድስት ማይል ላይ ከብት የማረባው፣ ልጆችዎንም ለዓመታት በትምህርት ቤት አውቶቡስ ያመላለስኩት ቨርና ሌድቤተር ነኝ። በስልክ ብደውል እንደ ልማድዎ «ሚስ ቨርና፣ ቆይ መልሼ ልደውልልሽ» ብለው ቃልዎን ለመጠበቅ እንዳይቸገሩ በማሰብ፣ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣችን በኩል መላክን መርጫለሁ።

እንደሚታወቀው ቡድናችን ያለችው አንዲት ፒክአፕ ናት፤ ሥራዋም ሦስት መቶ ጋሎን ውሃ በኋላዋ ባለው ታንክ ተሸክማ የሣር እሳት ወዳለበት መድረስ ነው። ፋብሪካው ሲሠራት አፍንጫዋን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ምክንያቱን ድርቆሽ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሸክሙ ሲያርፍባት ኋላዋ ይወርድና ቀጥ ትላለች። ሆኖም ባለፈው የነጻነት ቀን ሰልፍ ላይ አንድ የጎረቤት ከተማ ሰው «የእናንተዋ ምነው ሣር የምትግጥ መሰለች?» ብሎ በመሳቁ፣ ቦርዱ የዚያኑ ሳምንት የፊቱን ከኋላው እኩል የሚያደርግ ማንሻ ለመግዛት ቆርጦ ተነሣ። ለከተማችን ክብር ስላሳዩት ስለዚህ ቅናት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ቅሬታዎቼን ግን በትሕትና እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ምርጫው። ቦርዱ ማንሻው ሁለት ኢንች ይሁን ሁለት ተኩል፣ ከፊቱ ሞላ (ስፕሪንግ) ላይ የሚደረብ ክብ ብረት ይሁን ወይስ ሞላውና አሞርዛተሩ ከነጭራሹ ይለወጡ፣ በሚሉት ነጥቦች ላይ ሰባት ስብሰባ አድርጓል። ከሰባቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ ያለቀው ብረቱ ቀይ ይቀባ ወይስ ጥቁር በሚለው ክርክር ነበር፤ አንዴ ከተገጠመ በኋላ የሚያየው ከጭቃ በቀር ማንም የለም። የተቀደደው የውሃ ጎማ ጉዳይ በበኩሉ በአራት ደቂቃ ታይቶ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። አራቱን ደቂቃ ስለሰጡት አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ አለካኩ። የተለካች ዕለት የፔካን ፓይ የተባለውን ጣፋጭ ጋግሬ ይዤ ስለመጣሁ በዓይኔ አይቻለሁ። የተከበሩት የቦርዱ አባላት እንደ ዶሮ ጫጩት ዙሪያዋን ተኮልኩለው፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ይለካሉ፤ ሹፌሩ ክሊት ቦግስም «ኧረ ዞር በል ጌለን፣ ጥላህ ቁጥሩን ጋረደብኝ እኮ!» ይላል። ያን ጊዜ ነበር «ታንኩ ባዶ አይደል እንዴ? ውሃ ሲሞላስ?» ብዬ የጠየቅሁት። እርስዎም ቀና እንኳ ሳይሉ «ሚስ ቨርና፣ መኪና የሚለካው በባዶ ሆዱ ነው፤ ልክ እንደ ደም ምርመራ» ብለው መለሱልኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሁን ያንን ሳቅ ከነፓዩ መልሱልኝ ብል ደስ ይለኛል።

፫ኛ. ስለ ውጤቱ። ሁለት ተኩል ኢንቹ ተገጠመና መኪናዋ ውብ ሆነች፤ ይህን የሚክድ ዓይን የለውም። ታንኩ የተሞላ ዕለት ግን ኋላዋ ወደቀ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና፤ አጥንት እንደሚለምን ውሻ ቁጭ አለች። የፊት ጎማዎቿ መሬቱን በወጉ አልያዙም፤ መሪዋም ወደፈለገው ይሄድ ጀመር። ክሊት አንድ ዙር ነድቷት ሲመለስ «ኮፋኖውን እንጂ መንገዱን አላየሁትም» አለ። ሌላ ቦርድ ቢሆን ብረቱን ያወልቅ ነበር፤ ወይም ከኋላ ሸክም የሚደግፍ የአየር ከረጢት ያስገጥም ነበር። የእርስዎ ቦርድ ግን ማንም ያላሰበውን መላ አገኘ፤ ቀጥ እንዳለች እንድትኖር ታንኩ ባዶ እንዲቀመጥ፣ ውሃው እሳቱ ካለበት አጠገብ ከሚገኝ ኩሬ እንዲቀዳ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔውም በከብት መኖ መደብሩ በር ላይ ተለጠፈ፤ እኔም መኖ ልገዛ ሄጄ አንብቤው፣ ቀልድ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

፬ኛ. ባለፈው መጋቢት፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ቆብ የሚነጥቅ ነፋስ እየነፈሰ ሳለ በደቡቡ አጥራችን በኩል ሣሩ ተያያዘ። ባለቤቴ ድዌይን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሳንባውም ከታመመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይሁንና ከለላ በሌለው ትራክተር ላይ ወጥቶ በእሳቱና በጎተራው መካከል መሬቱን ይገለብጥ ጀመር፤ እኔ በረጠበ ጆንያ እሳቱን እየደበደብኩ ደወልኩላችሁ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሳችሁ፤ ይህን ያለ ሽሙጥ እጽፋለሁ፣ ከዚያ የፈጠነ ማንም አልነበረም። መኪናዋ ኮረብታውን ወጥታ ብቅ ስትል ኮፋኖዋ ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ አይንከባለልም ነበር። «ተመስገን» አልኩ። ክሊት ዘሎ ወረደ፣ የውሃ ጎማውን ዘረጋ፣ ከፈተ፤ ጎማው አየር ብቻ ተነፈሰ።

«ውሃው የታለ?» አልኩት።
«ኩሬሽ የታለ?» አለኝ።

ኩሬያችን ከነሐሴ ጀምሮ ደረቅ መሆኑን በባክሆርን የማያውቅ ዳክዬ እንኳ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ የእኛዋ ላም ደግሞ ቀይ መብራት አላት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ላለው ግማሽ ሰዓት ቀልድ አላገኘሁለትም። ጭሱ ባሌን ዋጠው፤ የማውቀው መኖሩን በትራክተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። እናንተም ጆንያ አንሥታችሁ ከጎኔ ተሰልፋችኋል፤ ቅንድብዎ እንደተለበለበ አልረሳሁም። በመጨረሻ የትራክተሩ ሞተር ጸጥ አለ። በዕድሜዬ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። ድዌይን ለካ የመጨረሻውን ትልም ጨርሶ ሞተሩን አጥፍቶ ኖሯል። እሳቱ የተገለበጠው አፈር ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎተራው ተርፏል፤ አርባ ኤከር ሣርና የደቡቡ አጥር ግን ሄደዋል፤ ባለቤቴም እስከ ዛሬ ሲያስል ያድራል።

እንግዲህ በፊታችን ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ ቦርዱ «ሁለት ተኩሉ አልበቃ ብሎ ይሆናል» በማለት ባለ ሦስት ኢንቹን ሊመርጥ እንደሆነ ሰማሁ። የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ታንኩን ሙሉ፣ ከዚያ ለኩ። ስትሞላ ቀጥ የሚያደርጋትን ማንኛውንም ዕቃ ምረጡ፣ የፈለጋችሁትን ቀለም ቀቡት። ምንም ካልተገኘም ብረቱን አውልቃችሁ እንደ ድሮዋ ሣር ትጋጥ፤ የሚቃጠል ሣር ያላት አገር ናትና አታፍርባትም። እኔም እገኛለሁ፤ ፓይ አልይዝም፣ የድዌይንን መፍቻ ግን እይዛለሁ።

የመኪናዎ ቁመና ያስደመማት፣ ውሃዎን እስከ ዛሬ የምትጠባበቅ፣ በአክብሮት እጅ የምትነሣ ጎረቤትዎ፣

ቨርና ሌድቤተር
(ከጠቆረው አጥር በስተሰሜን)

ማስታወሻ፦ ታንኩ ባዶ ይሁን ብለው እጃቸውን ካነሡት የቦርዱ አባላት አንዱ የራሴው ድዌይን መሆኑን ጠቅሰው አንዳንድ አንባቢዎች አድልተሻል እንዳይሉኝ እሰጋለሁ። አላደላሁም። የእርሱ ደብዳቤ በጋዜጣ የሚወጣ ሳይሆን እቤት በቃል የሚነበብለት ስለሆነ ነው፤ ከመጋቢት ጀምረን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን።