ጅቡ የሚዞረው አጥር

ሰኞ

ይኼ አፌ! ርዕሰ መምህሩ የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ አስተማሪ መዛወሩን ሲነግሩን፣ በመምህራኑ ሁሉ ፊት «እኔ አለሁ» ብዬ ተነሣሁ። በሂሳብ ተመርቄ እዚህ ኮኪት ከተማ ብመጣም ቦታ የለም ተብሎ ስፖርት ነው የማስተምረው። ፊሽካው ካንገቴ ወርዶ አያውቅም። «እንግዲያው ነገ ጀምሪ። ዓርብ ገብቼ አይሻለሁ፤ ካልሆነ ወደ ፊሽካሽ» አሉኝ።

አልመለስም።

ርዕሱ፦ እያደጉ የሚሄዱ ቅርጾች ዙሪያ። ቀላል ነው።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው አውድማ የሰሊጥ ጭራሮ ለቃቅመን እኩል እኩል ቆራረጥን። መሬት ላይ አንድ ካሬ ሠራሁ። ቀጥሎ ሁለት የተያያዙ፣ ቀጥሎ ሦስት። «ዙሪያቸው ስንት ስንት ጭራሮ ነው?» አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ክፍሉ ባንድ ድምፅ፦ አራት፣ ሰባት፣ አሥር!

የመሃሉንም ጎን ቆጥረውታል። አስረዳሁ። የቀን ሠራተኞች የጫነ መኪና እየተዘፈነበት አልፎ ድምፄን ዋጠው። ደግሜ አስረዳሁ። አሁንም ሰባት።

ረቡዕ

ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ንዴቱ። «የመሃሉ ጎን አይቆጠርም!» ስል፣ ፊት ወንበር የምትቀመጠው የሺ ተነሣች። ግትር ልጅ ናት።

«ኧረ ቲቸር! የመሃሉን አጥር ካነሡትማ ጥጃው ሌሊቱን ላሟን ጠብቶ ያድራል'ኮ! ጧት ምን ይታለባል?»

ክፍሉ «እውነቷን ነው» አለ። ለካ እነሱ የሚያዩት ካሬ አይደለም፤ ዘሪባ ነው! እዚህ በእሾህ የታጠረውን በረት እንዲያ ነው የሚሉት። አንዱ ለላም፣ አንዱ ለጥጃ፣ አንዱ ለፍየል። ሳቄ መጣ። ዓርብ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

ሐሙስ

ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ። ጅብ!

ከጭራሮው ውጪ በጠመኔ ጅብ ሣልኩ (አህያ ይመስላል ብለው ሳቁብኝ)። «ጅቡ መግቢያ ፍለጋ ውጪ ውጪውን አንዴ ዞረ። ስንት ጭራሮ አለፈ?» የሺን ራሷን ጅብ አደረግኋት። በጣቷ እየዞረች ቆጠረች፦ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት። አዲሱ ካሬ ሦስት ጎን ወደ ውጪ ያመጣል፣ አንድ የድሮ ጎን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁለት ብቻ ይጨምራል። ገባቸው! ጎበዝ ነኝ፤ ማንም ካላለኝ ራሴ ልበለው።

የሺ ብቻ ስትወጣ «ጅብ ግን አጥር አያጥርም» ብላኝ ሄደች። ምን ማለቷ ነው?

ዓርብ

ርዕሰ መምህሩ ኋላ ተቀመጡ። ሁሉም ያማረ ነበር። ከዚያ ብድግ አሉና «ሃያ ካሬ ቢያያዝስ?» አሉ። ሃያ አልሠራንም። የሺ እጇን አወጣች። ከዚህ ሁሉ ልጅ እሷ! ፊቴን ወደ ሌላ ሳዞር እሳቸው ጠሯት።

«ጅቡ አርባ ሁለት ያልፋል። ለያንዳንዱ ካሬ ከላይ አንድ ከታች አንድ፣ በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ።»

ተነፈስኩ። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። «አባቴ ደግሞ ስልሳ አንድ ይቆርጣል። የመሃሉን አሥራ ዘጠኝ ማን ያጥርለታል?»

በልቤ ደመርኩ። ልክ ናት! ሁለቱም ልክ ነው፤ ጥያቄው ነው የተለያየው። ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

እሳቸው ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ፊሽካውን አምጪ» አሉ።

ካንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። ስፖርቱን ማን እንደሚይዝ አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ፊሽካ ሲነፋ በመስኮት ባይ፣ እሳቸው ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው፣ ላብ በላብ ሆነው ልጆቹን ያስሮጣሉ።