የአክስቴ ልጅ ደም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለ? እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከዚያች ክፍል በእግሬ ወጥቻለሁ። ጸጉሬም እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

በስልክ ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ። ሐኪሙ ለደም ካንሰሩ መፍትሔው ከጤነኛ ሰው የሚወሰድ፣ ደም የሚያመርት ሴል ነው ሲለኝ፣ ኤችአይቪ ስላለብኝ አይሆንም የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እስከዋጥኩ ድረስ ቫይረሱ እንደማይከለክለኝ ነገረኝ። የወንድሜ አልገጠመም። ያኔ የአክስቴ ልጅ ትመርመር ብንልሽ፣ የሰው ልጅ ናት አታስቸግሯት ብለሽ አኮረፍሽን። እሷ ግን ሳንጠራት ሰማች፤ መኪና መንዳት ከምታስተምርበት ፈቃድ ወስዳ መጣች። ስለ ቫይረሱ እየፈራሁ ስነግራት፣ «መድኃኒትሽን እየዋጥሽ አይደል? ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብላ ክንዷን ዘረጋች።

ልክክ አለ። ሐኪሙ ደስ ብሎት፣ እንዲህ የሚገጥመው ከአንድ እናትና አባት ሲወለዱ ነው፣ እንኳን እህት ኖረችሽ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ናት አልኩት። አየኝ። ከዚያ ስለ ትኩሳቴ ጠየቀኝ።

መጀመሪያ የገዛ መቅኔዬን በመድኃኒት አጠፉት። ሰው አጥንቱ ውስጥ ባዶ ቤት ሲሆን እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ልነግርሽ አልችልም። ከዚያ የሷን ሴል በከረጢት ሰቅለው ሰጡኝ፤ በመስታወት በተከለለ ክፍልም ብቻዬን ከረምኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ገባችና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «አሁን ኮሪደሩ ላይ አልነበርሽም?» አለችኝ። እኔ ከአልጋዬ አልወረድኩም። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ በቆብና በጭምብል መሐል ሁለት ዓይኖች አየሁ። የኔ ነጸብራቅ ነው ብዬ ዝም ብዬ አየሁት። እኔ ሳልንቀሳቀስ እጇን አነሳች። ለካ የአክስቴ ልጅ ከወዲያ ማዶ ቆማ ሰላም እያለችኝ ነው።

ዛሬ ካንሰሩ አይታይም። የቫይረሱን መድኃኒት እንደ ድሮው እውጣለሁ። የደም ዓይነቴ ግን ተቀይሯል፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ ደምሽ ሙሉ በሙሉ የሷ ሆኗል አለኝ። እንቁላል ስበላ ከንፈሬ ማበጥ ጀምሯል። እሷን ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ያደርጋታል።

አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔና ልጇ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስታየን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደግፌ አስቀመጥኳት። «በደንብ ነው ያሳደግኳት፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እማዬ፣ አልተቀየምኩሽም። የአክስቴ ልጅም እንዲህ ብለሽ ጻፊላት ብላኛለች። እሁድ አብረን እንመጣለን፤ በሩን ስትከፍቺ እንዳትደነግጪ። እስከዚያ ክፉ አይንካሽ፤ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልን።

ልጆችሽ