ሸዋዬ፣ ወደ ውርጩ አትምጪ

ውድ ሸዋዬ፣

«ውድ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማሂ ከራሷ የጨመረችው እንዳይመስልሽ። የጓሮ ተከራያችን ነርሷ ማሂ እኔ እየተናገርኩ ትጽፋለች። አንድ ቃል እንዳትቀንሺ ብያታለሁ። እዚያ ቆላ ኦጎልቾ ደግሞ ልጃችን ዕዝራ ያነብልሻል። እሱ ይፈር፣ እኔ አላፍርም።

ዕዝራ ደውሎ «እማማ ትንፋሿ ተሽሏታል፣ ቅዳሜ አሳፍራታለሁ» አለኝ። አትምጪ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ «ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። ደህና አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ።

ዘንድሮ ጭላሎ ሥር ውርጩ ጨክኗል። የጎረቤታችን የቶላ ባቄላ ጠቁሮ ቀርቷል። አንቺ በዚህ ወቅት ማታ ማታ ላይኛው አጥር ጥግ፣ የውሃ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ትዘጊና ታች ግቢ ያለውን ቧንቧ ከፍተሽ ታሳድሪው ነበር። ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ባልዲው ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ያልቃል። ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም፤ ውሃ የሴት ነገር ነው ብዬ። አንቺ ስትሄጂ የታችኛውን እንደ ወንድ አጥብቄ ዘጋሁት። የላይኛውን አልነካሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ብከፍተው ዝም አለ። ቶላ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

«ኦቦ ገብረወልድ፣ ሸዋዬ ስትሄድ ውሃውም ተከተላት እንዴ? ጭድ ላምጣና በእሳት እንለብልበው» አለኝ።

«አምና የራስህን ቱቦ ያቀለጥክበትን ጥበብ ለራስህ ያዝ» አልኩት። እየሳቀ ከብቶቹን ነድቶ ሄደ።

እኔ የባሰ ጥበብ አመጣሁ። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዤ ብረቱ ላይ ገለበጥኩት።

ጧ! አለ። ጠመንጃ መሰለኝ። ቱቦው ተሰንጥቆ ውሃው ደረቴን መታኝ። ወደ ኋላ ስል ድንጋዩ በረዶ ለብሶ ኖሮ ሁለቱም እግሮቼ ከዱኝ። በጀርባዬ ተዘረርኩ። ጋቢዬ ውሃ ጠጥቶ ከበደኝ፣ ዳሌዬ አልታዘዝ አለ። ውሃው እላዬ ላይ ይወርዳል፣ እኔ አልነሳም። ሸዋዬ፣ ጦር ሜዳ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ የጠራሁት አንቺን ነው። «ሸዋዬ! ሸዋዬ!» ኦጎልቾ እንዳለሽ እያወቅኩ።

የሰማችኝ ማሂ ናት። መጀመሪያ ሮጣ የላይኛውን መዝጊያ ዘጋች፣ ከዚያ አነሳችኝ። አልተሰበርኩም፣ ዳሌዬ ጠቆረ እንጂ።

«አባባ፣ መጀመሪያ የቧንቧውን አፍ ይከፍቱታል። ከዚያ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከሩ ከአፉ ጀምረው ወደ ኋላ መጠቅለል ነው። የፈላ ውሃም እሳትም አይነካውም» አለችኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እማማ ሸዋዬ።»

ለተከራይ ነግረሽ ለእኔ ሳትነግሪ!

እዚያ ወድቄ ያሰብኩትን ልንገርሽ። አምና በዚያው ድንጋይ ላይ፣ እጅሽ ቧንቧው ላይ እንዳለ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ ከንፈርሽ ጠቁሮ ያገኘሁሽን ጠዋት ነው። ያኔ ተሸክሜሽ ገባሁ። ቅዳሜ ከመጣሽ እሑድ ጠዋት እዚያ ድንጋይ ላይ ነሽ፤ አውቅሻለሁ፣ ተይ ብልሽ አትሰሚም። እኔ ደግሞ አሁን ሮጬ አልደርስልሽም። ብደርስም አላነሳሽም። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ አትሳፈሪ። ቅዳሜ የምሳፈረው እኔ ነኝ። አዎ፣ «ከዚህ ሬሳዬ ይወጣል እንጂ ቆላ አልወርድም» ያልኩት ሰውዬ። ውርጩ እስኪያልፍ ትንኙንም ሙቀቱንም እችለዋለሁ። ላሟን ለቶላ አደራ ብያለሁ። ነገ ኦጎልቾ ለገበያ ሲወርድ ይህን ወረቀት የሚሰጥሽም እሱ ነው። ቱቦው ተቀይሯል፤ ከሄድኩ በኋላ ማሂ ላዩን እየዘጋች ታቹን እየከፈተች ታሳድረዋለች። ዓርብ ማታ ግን እኔ ነኝ የምዘጋው፤ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ አጠገቡ እቆማለሁ።

ዕዝራን መናኸሪያ ላኪልኝ። ሳነክስ አይቶ እንዳይስቅ ንገሪው። አንቺ ግን ትንፋሽሽ ከፈቀደ እስኪበቃሽ ሳቂብኝ።

ባልሽ ገብረወልድ

ከሥር ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። የተንጋደደው ቸኩዬ ስላተምኩት ነው። ማሂ «ብርዱ አስቸኩሎት ነው» ብላ ልትጽፍልሽ ነበር። ያስቸኮለኝ ብርዱ አይደለም።