በፈተናዬ ቀን የተቀማሁት ቁልፍ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለጉኒላ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እዚያ ሰሜን ኪሩና አሁንም በረዶው እስከ በር ነው ወይስ ትንሽ ለቀቅ አደረጋችሁ? ከማዕድን ማውጫው ሥራሽ ስትወጪ ፀሐይ ታገኛለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ። የምነግርሽ ነገር እጄን እያጣደፈው ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ለገና ስንገናኝ ያልሽኝን አልረሳሁትም። "እኔም ካፌ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ሥራው ትምህርቴን በላው፤ ይቅርብሽ" ብለሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። ጃንዩዋሪ ላይ እዚሁ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አዳራሽ የመክፈትና ወንበር የማሰናዳት ሥራ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጉዴ ፈላ። እዚህ ትምህርት ሁለት ሰዓት ነው ከተባለ የሚጀምረው ሁለት ከሩብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሥራም እንደዚያው መስሎኝ ዘና ብዬ በሩቡ ደረስኩ። አለቃዬ ቦርዬ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁኝ። "ሩቧ የተማሪዎች ናት የኔ እመቤት፤ አንቺ አሁን የእኔ ሠራተኛ ነሽ" አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ሥራውን ግን ወደድኩት። ከክፍል ወጥቼ ሥራ ለመግባት ደረጃ መውረድ ብቻ ነው። እነዚያ የሚያስፈሩኝ ፕሮፌሰሮች ማይክሮፎኑ እምቢ ሲላቸው "ሲግኔ፣ ድረሽልኝ" ይሉኛል። መጥፎ ጎኑንም አልደብቅሽም። ከግቢው መውጣት የሚባል ነገር የለም። ምሳ ልበላ ስቀመጥ አንዱ ይመጣና "የጥናት ክፍሉን ክፈችልን፣ ማንም አያይም" ይላል፤ እምቢ ስል ያኮርፋል። የክፍል ጓደኛዬ ቲልዳ እንኳ ሳምንት ሙሉ ዘግታኝ ነበር።

ዋናውን ልንገርሽ። የማርች ፕሮግራም ሲወጣ የኬሚስትሪ ፈተናዬ ቀን ጠዋት ተረኛ ሆኜ አገኘሁት። ቀይሩልኝ ማለት አቃተኝ። ያረፈድኩ ዕለት ቦርዬ ያዩኝ አስተያየት ከልቤ አልወጣም፤ ደግሞም የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። ድጋሚው ኦገስት ላይ አለ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እትዬ፣ ያንቺን መንገድ ይዤ ነበር፤ የገባኝ አሁን ነው።

የዚያን ቀን ወንበሮቹን አራርቄ ደረደርኩ። ቲልዳና ሌሎቹ ሙዝና ቴርሞሳቸውን ይዘው ገቡ። በሩ ተዘግቶ ደጁ ላይ ቆሜ ሳለ ቦርዬ መጡ። በሩ ላይ የተለጠፈውን የፈተና ማስታወቂያ አነበቡና ዞረው አዩኝ። "ይሄ ያንቺ ትምህርት አይደለም እንዴ?" አሉ። ነው አልኳቸው። "ታዲያ አፍ የለሽም? እኔ ጠንቋይ ነኝ?" ብለው ቁልፉን ከእጄ ቀሙኝ። "እስከ ግማሽ ሰዓት ያረፈደ ይገባል። እስክሪብቶ አለሽ?" የራሳቸውን ሰጥተው ገፋ አድርገው አስገቡኝ። ምዝገባዬን ለመሰረዝ እጄ እምቢ ብሎኝ ስለነበር ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። የሥራ ሰደርያዬን እንደለበስኩ አምስት ሰዓት ያህል ተፈተንኩ። ያኮረፈችኝ ቲልዳ ሙዟን ገምሳ አቀበለችኝ።

ትናንት ውጤት ወጣ። አለፍኩ፤ ያውም በጥሩ ውጤት። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ቦርዬ "መቼም ወንበር ስትደረድሪ ነው ያጠናሽው" ብለው ቀለዱብኝና የቀሩኝን የፈተና ቀኖች ሁሉ አጽፈውኝ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

አሁን ደግሞ አትቆጪኝ። ዛሬ ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወንበር ሳደርስ ስላንቺ ጠየቅኳት። ኮምፒውተሯ ላይ ስምሽን አገኘችው። ያለፍሻቸው ትምህርቶች ከዘጠኝ ዓመት በኋላም አንዳቸው አልተሰረዙም። የቀረሽ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሁልጊዜ "የኔ አለቀ" ስትይ አምኜሽ ነበር፤ አላለቀም እትዬ። ማመልከቻ የሚዘጋው አፕሪል አሥራ አምስት ነው።

ለባለቤትሽ ለኒላ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በጭስ ያደረቀውን ዓሣ እስካሁን እያጣጣምኩት ነው። ለአማትሽ ለእማማ ሪስቲን እጅ ነሺልኝ። ልጅሽን ቬንድላን ጉንጯን ሳሚልኝና፣ አክስትሽ ለእናትሽ አጠገቧ ወንበር ይዛላታለች በያት።

ታናሽሽ ሲግኔ
ኡፕሳላ፣ ማርች 27 ቀን 2019