ደህናው ሜሞሪ

ሰኞ

ዛሬም ሳልገዛ ተመለስኩ። ስመላለስ አራተኛ ቀኔ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት አሮጌው ኮምፒውተር ስለሞተ አዲስ እየገጣጠምኩ ነው። የቀረኝ ሜሞሪ ብቻ ነው። ባለሱቁ ጌታሁን ወንበር ስቦልኝ እንደገና አስረዳኝ፦ ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ አንድ ከምገዛ ባለ ስምንት ጊጋ ሁለት ይሻላል፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ገብቶኛል። ቅዳሜም ገብቶኝ ነበር።

"ጋሽ ከድር፣ ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነበሩ?" አለኝ። ሳቅኩ። ዘይነባን ያየኋት ዕለት ነው የወሰንኩት። ከዚያ መሞቷ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ቀልዱን እንዲቀጥል ነበር የፈለግኩት።

ማክሰኞ

ገዛሁ። ባለ ስምንት ሁለት፣ ፍጥነታቸው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። "ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ግን እንዳያልፉ፣ ማሎ ጋሼ!" ብሎ ለመነኝ። ቤት ወስጄ ገጠምኩት፤ በአንዴ ተነሳ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። "አየሽ?" የምላት የለችም።

ረቡዕ

ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ጥሩ ሠራ። እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። አራት ሺህ አደረግኩት። ስክሪኑ ጨለመ። ደነገጥኩ። ግን እውነቱን ልጻፍ፣ ደስም አለኝ፤ ሱቅ የምሄድበት ነገር ተገኘ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ነቅዬ መልሼ ስከታት ወደ መጀመሪያው ፍጥነቱ ተመልሶ ተነሳ። ሜሞሪው ምንም አልሆነም።

ሐሙስ

ሜሞሪዎቹን ነቅዬ ይዤ ሄድኩ። "አልፎ አልፎ ኮምፒውተሩን ያጠፋብኛል፣ ዕቃው ጤነኛ አይመስለኝም" አልኩት። ስለ አራት ሺሁ አላነሳሁም። ይፈትሸዋል፣ እስከ ዐሱር ሶላት አብረን እንቀመጣለን ብዬ ነበር። አልፈተሸም።

"ጋሽ ከድር ካሉ አሉ ነው" ብሎ ሌላ ጥንድ ሰጠኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። በሩ ላይ ስደርስ አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ ሲደውል ሰማሁት። "የተበላሸ ዕቃ እየላክህ በሽማግሌ ፊት ታሳፍረኛለህ? ሌባ ነህ!"

ያ አላህ። ተመልሼ መግባት ነበረብኝ። እግሬ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ዓርብ

ጁምዓ ሰገድኩ። ኢማሙ ስለ ምን እንደተናገሩ አንድም አልያዝኩም። አላህን ማረኝ ማለት አይከብድም። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ራሱ "አፉ" ብሎ ይቅር ካላለ አይነሳም። ሁለት ሰው በድያለሁ፤ የአንዱን መልኩን እንኳ አላውቀውም።

በሱቁ በኩል አለፍኩ፣ አልገባሁም። ጌታሁንን ፈርቼ አይደለም። ከነገርኩት በኋላ የምሄድበት ቦታ እንዳላጣ ብዬ ነው። ለዚህ ስል ሌላውን ሌባ አስባልኩ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

ቅዳሜ

ነገርኩት። ቆሜ፣ ከአራት ሺሁ ጀምሮ። ለምን እንዳደረግኩት ሲጠይቀኝ ብቸኝነት ነው ማለት አቃተኝ። "ቤቱ ዝም ይላል" አልኩት።

"እኔንስ እሺ። ሌባ ያልኩትን ሰውዬ ምን ላድርገው?" አለ። ደወለና ስልኩን ሰጠኝ።

"ወንድሜ፣ ዕቃህ ደህና ነው። ፍጥነቱን አራት ሺህ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አፉ በለኝ።"

ሰውዬው "አፉ ብያለሁ አባቴ። ግን አራት ሺህ! ሮኬት ሊያስወነጭፉ ነው?" አለኝ። ድምፁ ሱቁን ሞላው። ጌታሁን ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱን አዞረ። ስወጣ፣ "ነገ ዝግ ነኝ፣ ቸርች አለ" አለኝ። ስለ ሰኞ ምንም አላለም።

ደዶ ወረዳ የተደረገው ሠርግ ቪዲዮ ሳያቋርጥ እየተቀናበረ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አልጎደለውም። ሰኞ የሚጠየቅ ነገር ሳይኖረኝ ብሄድ፣ ይግቡ ይለኝ ይሆን? እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።