ከውኃ ያወጣናት ጀልባ

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከባድ ዕቃ እያነሳህ ትጣላዋለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። እማዬን ብርድ ሲሆን ጉልበቷ ያስቸግራታል፤ አፏን ግን ምንም አልነካውም። ትናንት እንኳ ሾርባውን አቀጠንሽው ብላ ስትቆጣኝ ነው የዋለችው።

ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት አትጠይቀኝ። ወንድም ጋሼ፣ የአባባን ጀልባ ሰጥተናታል። «እኔ ሳልመጣ እንዳትነኳት፤ አስጠግኜ ሸራዋን ራሴ እዘረጋለሁ» ማለትህን አልረሳሁም። ቅር እንደምትሰኝ ስለማውቅ ነው ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የነገርኩህ።

አባባ እንደሞተ እማዬ ፀሐይና ዝናብ አይንካት ብላ ከውኃ አስወጥታ መጋዘን እንዳስገባቻት ታውቃለህ። አንተ የላክኸውንም ወፍራም መሸፈኛ አልብሰናት ነበር። እማዬ በየሳምንቱ ገልጣ በደረቅ ጨርቅ ትወለውላት ነበር። አንዲት ጠብታ ውኃ ካየች ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰ ብላ እኔን መሰላል ላይ ታወጣኝ ነበር። እኛ ልጆቿ እንኳ እንዲህ ተደርጎልን አያውቅም።

ባለፈው ወር የጀልባ አናጢውን ጠራኋቸው፤ አንተ ያልከውን ጥገና ላስጀምር ነበር። ሽማግሌው መሸፈኛውን ገልጠው ዞር ዞር ብለው አዩና ባትሪ ይዤ ውስጧ እንድገባ አዘዙኝ። ሳበራው መብራቱ በየሳንቃው መካከል ወደ ውጭ ሾለከ። ጣቴን ብሰድ አለፈ። ለካ እንጨቷ ውኃ እየጠጣ ነበር እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚኖረው፤ ሲደርቅ ተኮማተረና መገጣጠሚያው ሁሉ ተላቀቀ። ከሥር የተሸከማት ትልቁ ግንድም ተሰንጥቋል። «መጠገንስ ይቻላል፤ ግን ሁሉን ለውጬ ስጨርስ የአባትሽ ነው የምትይው የሸራው ምሰሶ ብቻ ይሆናል» አሉኝ።

ያንገበገበኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ማወቁ ነው። ያ «ችኩሉ» የምንለው ዓሣ አጥማጅ፣ በሰው ነገር ሁሉ ጥልቅ የሚለው እንኳ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ትንፍሽ አላለም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እናትሽ እንደዚያ እያዘነች ስትወለውላት፣ በምን አንደበቴ እያበላሸሻት ነው ልበላት?» አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ አልሆነልኝም። እኔም ቤት ስገባ ያው እንደሱ ሆንኩ። እማዬ ምን አሉ ስትለኝ፣ አርጅታለች አሉ ብዬ አለፍኩ።

ኋላ ችኩሉ ራሱ ልውሰዳት አለ። ሳንቃዋን ለውጦ ሞተር ሊገጥምላት ነው፤ ሸራ ስለማይፈልግ ምሰሶዋን ይነቅለዋል። እሺ አልኩት። ሌላ ዓመት እንዲሁ ከቆየች ከማገዶ በቀር ለምንም አትሆንም ነበር። አንተን ሳልጠይቅ መወሰኔ ይቆጨኛል። ብጠይቅህ ግን ጠብቂኝ ትለኝ ነበር፤ እኔም እጠብቅህ ነበር።

ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ በጋሪ ሲያወጣት እማዬ ሹራቧን ደርባ በር ላይ ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ይዤ ነበር። ጋሪው አጠገቧ ሲደርስ አስቆመችውና፣ «ስማ ልጄ፣ ቤት እንዳታስገባት። እኔ ነኝ አድርቄ የጨረስኳት፤ አንተ ውኃ ላይ አቆያት» አለችው። ችኩሉ መሬት መሬት እያየ «እሺ እማማ» አለ። ማን እንደነገራት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አላውቅም። እስካሁን አልጠየቅኳትም፤ የምጠይቅም አይመስለኝም።

አደራህን፣ ስትደውል የጀልባዋን ነገር እንዳታነሳባት። መቆጣት ካለብህ እኔን ተቆጣኝ፤ እችለዋለሁ።

እማዬ በጣም ናፍቀሃታል፤ ግንባርህን ትስምሃለች። አክስታችን ደጋግማ ሰላም ብላሃለች። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን እቅፍ አድርግልኝ። ትንሹን፣ በአያትህ ጀልባ አንሸራሽርሃለሁ ያልከውን፣ ጉንጩን ሳምልኝ፤ ምን ብለህ እንደምትነግረው ግን እኔም ጨንቆኛል።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከጓዳው ጠረጴዛ
ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን