ከድር የሰረዘው መልእክት

ረቡዕ

የጀልባዬ የግራ ጎን ተፍቆ አለቀ። የቀኙ ገና ግማሽ ነው። አረንጓዴው ዝቃጭ ውሃ ውስጥ እያለ ለስላሳ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ትከሻዬን ጨርሶታል።

ጀልባዋ ከግድቡ ወጥታ ብረት ላይ ከቆመች አምስተኛ ቀኗ ነው። እኔም እላይዋ በመሰላል እየወጣሁ አድራለሁ። ጆበርግ አጠገብ ቶኮዛ የነበረው ሱቄ ከተዘረፈ ወዲህ ሌላ ቤት የለኝም። እዚህ የጀልባ ክበቡ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ማንም ያልፈለጋት ይህች አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ቤቴ ናት።

የቀረው፦ የቀኙን ጎን መፋቅ። መሪው ሥር ያለችውን ስንጥቅ መድፈን። ሁለት ጊዜ ቀለም መቀባት። ማክሰኞ ትራክተሩ ወደ ውሃ ይመልሳታል፤ ካልደረስኩ ተራዬ ያልፋል። እሑድ መጥተው እንዲያግዙኝ ለጆበርግ ሰዎች ነግሬያለሁ። ግን ማን ሱቁን ዘግቶ ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣል?

ሆሳዕና ለምትኖረው እህቴ ለአስካለ ደወልኩ። አይነሳም። ኩላሊቷን ካመማት ወዲህ እንዲህ ዝም ብላኝ አታውቅም። ኔትወርክ ይሆናል።

ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ከድር መልእክት ላከ። ከድር ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ አለው። የስልጤ ልጅ ነው፤ አማርኛን እንደ እኔ ካደገ በኋላ ነው የለመደው። መልእክቱ ለእኔ የታሰበ አልነበረም። «እሑድ ጧት ሄደን እናረዳታለን። ሐጂም ይመጣሉ» ይላል። ሐጂ ጆበርግ ያለን ሐበሾች ሽማግሌያችን ናቸው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ላነብ ስል ጠፋ። ሰረዘው።

«እንረዳታለን» ሊል ፈልጎ ይሆናል። ለሥራው እየመጡልኝ ነው ማለት ነው። ከድር ፊደል ይስታል። ባለፈው ለሱቁ የብረት በር ማስገጠሙን ሊነግረን «የብረት በሬ አስገጠምኩ» ብሎ ጽፎ፣ ጓደኛችን ሙሉነሽ «ስንት ቀንድ አለው?» እያለች አንድ ሳምንት ስቃበታለች።

በ«ን» ከሆነ መርዳት ነው። በ«ና» ከሆነ ማርዳት ነው። ሰው መርዶ የሚረዳው ደግሞ ሲሞትበት ነው።

ፊደል የለየሁት አስካለ ከገበያ በምታመጣው የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ታመጣልኝ ነበር። እሷ ማንበብ አትችልም ነበር።

የመጨረሻውን «ነበር» ሰርዤዋለሁ። አትችልም።

ዓርብ

ከድር ደወለ። «እትዬ፣ ትናንት በስህተት የላክሁት ነገር ነበር። አየሽው?»

«አላየሁም» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» አለኝ። ከድር ስለ ምሳዬ ጠይቆኝ አያውቅም።

ማታ ሙሉነሽ ደወለች። ጄፒ ሰፈር ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ ሳትስቅ ሃሎ የማትል ሴት ናት። «ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ። «ከጀልባዬ ጋር ነኝ» አልኳት። አልሳቀችም። «መሰላሉን ቀስ ብለሽ ውጪ፣ እሺ?» ብላ ዘጋች።

ስንጥቋን ልደፍን ሞክሬ ነበር። የሙጫው ቆርቆሮ ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ተቀዷል። ማጠንከሪያውን አብዝቼበት መቀቢያው ላይ ደረቀብኝ። ነገ እደግመዋለሁ።

የአስካለ ስልክ አሁንም አይነሳም። ልጇም አያነሳም።

ቅዳሜ

መፋቅ አቃተኝ። ስንጥቋን ብቻ ደፈንኩና በግድቡ ዳር መሄድ ጀመርኩ። ውሃው ስለሸሸ ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ድንጋያማው ጫፍ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። እግሬ ሲሄድ ሐሳቤ የሚቆም መስሎኝ ነበር። እስካልነገሩኝ ድረስ አስካለ በሕይወት አለች፤ ይህን እያልኩ ሄድኩ።

ትራክተር ነጂው ንታቴ ሞሌፌ በር ላይ አገኘኝ። ሽማግሌ ስለሆነ ሁላችንም ንታቴ እንለዋለን፤ አባት እንደማለት ነው። «እናት፣ ዛሬ ሥራ የለም? ማክሰኞ እኮ አልጠብቅም» አለኝ። ፊቴን አየና «ደግሞ ትራክተሩ ብዙ ጊዜ ይበላሻል» አለ።

ሐጂ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ወገባቸውን ያማቸዋል። ጀልባ ሊፍቁ አይመጡም። ይህን ሐሙስ ዕለት አውቄዋለሁ፤ አልጻፍኩትም እንጂ።

እሑድ

ገና እየነጋ ነው። በሩ ላይ ሁለት መኪና ቆመ። መጀመሪያ ከድር ወረደ። የሥራ ቱታ ለብሷል። «ለሥራው ነው የመጡት» አልኩ።

ከዚያ ሙሉነሽ ወረደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ማክሰኞ

የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። መሰላሉ ሥር ቆመው በቀስታ «ውረጂ ልጄ» አሉኝ። አስካለ ያረፈችው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ስደውል ከቀብር እየተመለሱ ነበር።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሙሉነሽ ወገቤን ይዛኝ ነበር። ምንጣፍ አንጥፈው በጀልባዋ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ሌላ ጥላ አልነበረም። ሌሎች ሰዎችም ከአሌክሳንድራ ሰፈር መጡ። ወንዶቹ ዳር ዳሩን ተቀመጡ። ብዙ ቆይቶ ከድር ተነሣና መፋቂያውን አንሥቶ የቀረውን ጎን ይፍቅ ጀመር። ሐጂ ቀና ብለው ሲያዩት የሚቆጡት መስሎኝ ነበር። «በዚያ በኩል ጀምር፣ አቧራው ሴቶቹ ላይ ነው» አሉት። ከዚያ ሌላው ተነሣ። ሌላውም። ትናንት ተመልሰው ቀለሙን ጨረሱት።

ከድር እጁን እየታጠበ «አንብበሽዋል አይደል?» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ፊደል እሳሳታለሁ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«በዚህ እንኳ አልተሳሳትክም» አልኩት።

ዛሬ ትራክተሩ በሰዓቱ መጣ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት። ስንጥቋ ውሃ ታስገባ እንደሆነ ወለሉን ከፍቼ አየሁ፤ እስካሁን ደረቅ ነው። ሙሉነሽ ሳምንት አብሬሽ አድራለሁ ብላ ቀርታለች። ውሃ ትፈራለች። ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ «ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ይወዛወዛል?» አለችኝ።

«ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

«በስንት ቀን?»

እኔ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።